ድምፅ የማይሰማበት ግቢ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ደወለልኝና ትምህርት ቤት ሊያዩ ስለሆነ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ። ከሚስቱና ከአራት ዓመት ልጁ ጋር ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቤት ተከራይቶ ከገባ ወር እንኳ አልሞላውም። ሰፈሩን አያውቁትም፣ የሚጠይቁት ሰው የላቸውም፣ ምዝገባው ደግሞ ሊዘጋ ነው። ነሐሴ እንደመሆኑ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅንና ጭቃው ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች እየረገጥን አንድ ትልቅ የብረት በር ዘንድ ደረስን። የክረምት ትምህርት ቅዳሜም ስላለ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ናቸው ተባልን። ዘበኛው ሲከፍትልን ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ምንም አይሰማም።

የወንድሜ ሚስት ሕሊና ፊቷ በደስታ በራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ጸጥታውን አየሽልኝ? ሥርዓት ያለው ትምህርት ቤት ነው" አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ክፍሎቹን ሲያስጎበኘን ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ እንጂ ያሳየንን ነገር አላየሁም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኔም እንዲህ ባለ በር ገብቼ፣ ያንኑ ቃል ለራሴ ብዬ፣ በዚያው ተደስቼ ልጄን ሰጥቼ ወጥቻለሁ።

ያኔ ሠላሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ይቀረኝ ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ከባለቤቴ ከታምራት ጋር ከአዲሱ ገበያ ለቀን የካ አባዶ ገባን። አራተኛ ፎቅ። ዕጣው ሲወጣ ሰፈሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ በቅጡ አናውቅም ነበር፤ ጎረቤቶቻችን "ከከተማ ልትወጡ ነው" እያሉ ሲቀልዱብን እኛም ስቀናል። ስንገባ ግን ሳቁ ቀረ። ከብሎኮቹ ጀርባ ገና ያልተነካ የገብስ ማሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አቧራው በመስኮቱ ገብቶ ሳህኑ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ይቀመጣል። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ የምትመጣበትን ሰዓት ግን የሚያውቅ የለም። ከእኛ በላይ ያሉት ቤቶች ባዶ ስለነበሩ ደረጃው ላይ የሚሰማው የገዛ እግሬ ኮቴ ብቻ ነበር፤ እሱን መልመድ አቅቶኝ ከርሟል።

ታምራት የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እኔ ቦሌ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ እሠራ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የታክሲ ሰልፍ ካልያዝኩ መድረሻ የለኝም። ስለዚህ አምስት ዓመቷን የያዘችው ልጄ ሶስና የምትማርበት ቦታ ሰርቪስ ያለው፣ ጠዋት ከበር የሚወስድ መሆን ነበረበት።

ሶስና ወሬኛ ነበረች። ይህን ሳልናገር ወደ ሌላው ብሄድ ታሪኩ አይገባም። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ለማያውቀን ሰው ሁሉ ስሟን፣ ስሜን፣ ምሳ የበላነውን፣ አባቷ ድንኳን ውስጥ እንደሚተኛ ትናገራለች። ረዳቱን "ለምንድን ነው በር ላይ የምትቆመው?" ትለዋለች። ሰው ይስቃል፤ እኔ አፍራለሁ። አሁን ሳስበው ለምን እንደማፍር አይገባኝም።

ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላት ሰዓዳ የምትባል የወራቤ ሴት ነበረች፤ የእኔው ዕድሜ ናት። በዚያ ባይተዋር ሰፈር መጀመሪያ ስሜን የጠየቀችኝ እሷ ናት። ሦስት ልጆቿ ከብሎኩ ጀርባ ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ይማራሉ። እኔ ያቺን ትምህርት ቤት ከበረንዳዬ አውቃታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ አጥሯ እስኪንቀጠቀጥ ልጆቹ ሀ ሁ ይላሉ፣ በእረፍት ሰዓት ይጮኻሉ፣ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። ሰዓዳ ሶስናን እዚያ እንዳስገባት መከረችኝ። ጩኸቱ አይበዛም ወይ ስላት ሚዛኗ ላይ ስኳር እያፈሰሰች ቀና ሳትል፣ "ሱቄ ውስጥ ሆኜ ይሰማኛል። ልጅ ሲጮህ የት እንዳለ ታውቂያለሽ" አለችኝ።

ነጋዴ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለች ብዬ በልቤ ናቅኳት። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ቢሮ ስብሰባ ላይ የምለው እያለኝ እንግሊዝኛው አፌ ላይ አልመጣ ስለሚለኝ ዝም የምል ሰው ነበርኩ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ልጆች የእኔኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ተናግረው ሲመሰገኑበት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ልጄ እንደ እኔ ዝም ብላ እንድትቀመጥ አልፈለግሁም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ትምህርት ቤት የመረጥኩት ለዚህ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ነበር። እንደ ብዙዎቹ ለመኖሪያ ተሠርቶ ለትምህርት ቤት የተከራየ ነው፤ ሳሎኑ ክፍል፣ መኝታ ቤቱ ክፍል፣ የመኪና ማቆሚያው የጸሎትና የምሳ አዳራሽ። ግድግዳው ላይ የሚስቁ እንስሳት ተሥለዋል። ስገባ ማንም ያለ አይመስልም ነበር። ዳይሬክተሯን ልጆቹ ዛሬ አልመጡም እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቅ አለች፤ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተጠየቀችው ይመስላል። አንዱን በር ስትከፍተው ሠላሳ የሚሆኑ ሕፃናት ባንድ ጊዜ ተነሥተው በእንግሊዝኛ ደህና አደርሽ አሉኝና ባንድ ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አንድ ወንበር አልተንቋቋም። የምሠራበት ቢሮ እንኳ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።

የደንብ ወረቀቱን ሰጠችኝ። በግቢ ውስጥም ሆነ በሰርቪስ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር መናገር ክልክል ነው ይላል። አማርኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ ስሙ ይመዘገብና ዓርብ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ በሰልፉ ፊት ይጠራል፤ ሌሎቹ ከረሜላ ሲታደሉ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። "ወላጆች የሚወዱልን ይህንን ነው" አለችኝ ዳይሬክተሯ። እውነቷን ነው። ወንበር እንኳ ሳልስብ፣ እንደቆምኩ ፈረምኩ።

ማታ ለታምራት ደወልኩለት። መስመሩ እየተቆራረጠ ግቢው ውስጥ አማርኛ የሚባል ነገር እንደሌለ በኩራት ነገርኩት። "እሷ እንግሊዝኛ ትችላለች እንዴ?" አለኝ። ለዚያ አይደል የምንልካት አልኩትና ዘጋሁ።

ሰርቪሱ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ከኋላ ያለው መስኮት መስተዋቱ አልዘጋ ስላለ አራት ጣት የምታህል ክፍተት ትቶ ቆሟል፤ ክፍተቷን በካርቶን ደፍነዋታል። ሹፌሩ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጆቹን የምታወጣና የምታወርድ አስካለ የምትባል ሴት አለች፤ እጇ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ደብተር አለ፤ ስም የሚመዘገብበት። ሚኒባሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከብሎካችን ሥር ሲቆም አሥራ ምናምን ልጆች ውስጡ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ወደፊት ያያሉ። ቀደም ብዬ መውጣት ባለብኝ ቀን ሰዓዳ ናት የምታሳፍርልኝ። አንድ ቀን "እነዚህን ልጆች ሳያቸው ብርድ ብርድ ይለኛል" ብላኝ ነበር። የሰዓዳ ነገር ብዬ አለፍኩት።

በመጀመሪያው ወር ምሳ ዕቃዋ ሙሉ መመለስ ጀመረ። የምትወደውን ፓስታ በስጎ እሠራላታለሁ፤ ደርቆ፣ ሳይነካ ይመለሳል። ብጠይቃት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ክዳኑ ጥብቅ ስለነበር በእጇ አይከፈትላትም፤ ክፈቱልኝ ብላ የምትለምንበት ቋንቋ ደግሞ አልነበራትም። ያኔ ግን ምግብ ያስጠላት መስሎኝ ፓስታውን በፍርፍር ቀየርኩት።

ከዚያ ቤት ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች። እራት ስንበላ ውኃ ስትፈልግ እጇን አውጥታ ትቀመጣለች፤ ካላየኋት ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሽንት ቤት ልትሄድም እጇን ታወጣለች። ለቢሮ ጓደኞቼ ይህንን ነግሬ አብረን ስቀናል። አሻንጉሊቷን አስተኝታ "ሽሽ፣ ስምሽ ይጻፋል" ስትላት በበሩ ቀዳዳ ሰምቻት አላውቅም እላለሁ? ሰምቻታለሁ። ልብሴን እያጠፍኩ ነበር፤ ማጠፌን ቀጠልኩ።

በየቀኑ ማታ የሚፈረም የመገናኛ ደብተር የሚባል አለ። መምህሯ ትጽፋለች፣ ወላጅ ይፈርማል። ኅዳር ውስጥ ነው መሰለኝ፣ በቀይ እስክርቢቶ ኮከብ ተሥሎ ከሥሩ "ቬሪ ኳየት፤ ኪፕ ኢት አፕ" ተብሎ ተጻፈ። በጣም ዝምተኛ ናት፤ በዚሁ ትቀጥል ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ስሜን በሙሉ ጻፍኩበት። በዚያው ሰሞን ሰዓዳ ሱቅ ስወርድ ልጄ ታማ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ድሮ ሱቁ ውስጥ ገብታ የዕቃ ስም ስትቆጥር የምትውለው ልጅ አሁን ሰላም ስትላት መሬት መሬት ታያለች። ጨዋ ሆና ነው አልኳት። ሰዓዳ የብሬን መልስ ቆጥራ ሰጠችኝ።

የካቲት ገባ። የየካ አባዶ የካቲት ጠዋት ይበርዳል፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐዩ መሬቱን ይሰነጥቀዋል። አንድ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። በዋዜማው ሶስና ትኩሳት ብጤ ይዟት ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራለች። ላስቀራት አሰብኩ፤ የሚይዛት ግን ማን አለ? ጠዋት ከነእንቅልፏ ተሸክሜያት አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ሰርቪሱ ሲመጣ አስካለ የለችም፤ ሹፌሩ ዛሬ ቀርታለች አለኝ። እኔው ራሴ ከኋላው ወንበር ላይ፣ በካርቶኑ መስኮት በኩል አጋደምኳት። ሹራቧን አስተካከልኩላት። ልጆቹ ወደፊት ያያሉ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ አምስት ሰዓት ላይ ስመለስ ታክሲው በላምበረት በኩል አዞረ። አውቶቡስ ተራው ጋ ቆምን፤ ደላሎቹ የከተማ ስም ይጠራሉ፣ ሎሚና ቆሎ የሚሸጡት በመስኮት ይጮኻሉ፣ አንዷ እናት ልጇ ጠፍቶባት በስሙ ትጣራለች። ልጁ ካንድ አውቶቡስ ሥር እየጮኸ መለሰላትና ሮጣ አነሣችው። ያን ሁሉ ጫጫታ ጆሮዬን ይዤ አሳለፍኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያቺ እናት ግን ከልቤ አልወጣም አለችኝ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ስብሰባው ገና አልተጀመረም። ሶስና ትኩሳቷ ተነሥቶባት እንደሆነ ልይ ብዬ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። መምህሯ ወጣት ልጅ ናት፤ በሩ ላይ ተቀበለችኝና ፈገግ ብላ፣ "ሶስና ዛሬ አልመጣችም እኮ። ቀሪ አድርጌያት ነው" አለችኝ።

እኔ ራሴ ሰርቪስ ውስጥ አስገብቻት ነው የሄድኩት አልኳት። የስም ጥሪ ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ጠዋት ስሟን ስትጠራ አቤት ያለ የለም። እሷን አልፌ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታቸውን ሰጡኝና ተቀመጡ።

"ሶስና የት ናት?" አልኳቸው በአማርኛ።

ሁሉም መጀመሪያ መምህሯን አዩ፣ ከዚያ ጠረጴዛቸውን። ባዶ ወንበሯ ይታየኛል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ጠየቅኳቸው። አንድ ልጅ ከንፈሩን ነክሶ ማልቀስ ጀመረ፣ ያለ ድምፅ። ያኔ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች ቃልኪዳን የምትባል፣ ከቀጣዩ ብሎክ በዚያው ሰርቪስ የምትመጣ ልጅ እጇን አወጣች። መምህሯ በእንግሊዝኛ ፈቀደችላት። ቃልኪዳን ብድግ አለች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተች። የምትፈልገው ቃል አልመጣላትም። ያወጣችውን እጇን ቀስ አድርጋ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ፣ ሚኒባሱ ቆሟል። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ አሁን ሙሉ ፀሐይ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አንድ ጫማዬ የቀረው ደረጃው ላይ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ሄዷል፤ ልጆቹ ተራ በተራ ሲወርዱ ወደ ኋላ አላየም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ድንጋይ አንሥቶ የፊቱን መስተዋት ሰበረና በሩን ከውስጥ ከፈተው። ትኩስ አየር ፊታችንን መታን። ሶስና ኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች፤ ካርቶኑ ወድቋል፤ ራሷን ክፍተቷ ሥር አድርጋለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ሹራቧ እስከ አንገቷ እንደተቆለፈ ነው። ጠራኋት። ዓይኗን ከፈተች። አላለቀሰችም። ትንሽ አየችኝና እጇን አወጣች።

ክሊኒክ ወስደን ግሉኮስ ተደረገላት፤ ማታውን ትኩሳቷ በረደ። የመረመራት ሐኪም ያቺ ክፍተት ባትኖር ሌላ ነገር ይሆን እንደነበር ነገረኝ። ልጅቷ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏት ስለነበር ተኝታ ሳታውቀው ነው ያሳለፈችው፣ ዕድለኞች ናችሁ አለኝ። ያንን ቃል ተቀብዬ ያዝኩት። ለታምራትም፣ ለእናቴም፣ ለራሴም ያንኑ ስናገር ኖርኩ፤ ተኝታ ነበር፣ አላወቀችውም።

ዳይሬክተሯ ቤታችን ድረስ ብርቱካን ይዛ መጣች። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ ተባሯል አለች። አሥራ ምናምን ልጆች እያወቁ ለምን ዝም አሉ ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ መጣ። አልጠየቅኋትም። ደንቡ ላይ ፊርማዬ ነበረበት።

በሳምንቱ ሶስናን የሰዓዳ ልጆች ወደሚማሩበት፣ ቆርቆሮ አጥር ወዳለው ትምህርት ቤት አስገባኋት። ሰዓዳ ብዬሽ ነበር አላለችኝም፤ ከልጆቿ ጋር እጅ ለእጅ አያይዛ ወሰደቻት። እስከ ፋሲካ ድረስ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። አንድ የግንቦት ጠዋት የዓመት ፈቃድ ላይ ሆኜ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ከአጥሩ ወዲያ ልጆቹ ይጮኻሉ። ሰዓዳ ጆሮዋን አቀናች። "ሰማሽ? ያቺ የመጨረሻዋ፣ ያቺ ያንቺ ናት" አለችኝ። ሰዓዳ ፊት አልቅሼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ከእነ ብሩክ ተለይቼ ስመለስ ከመንገድ ዳር ሁለት የበቆሎ ጥብስ ገዝቼ ገባሁ። ሶስና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስትከራከር ከእኔ አልፋ አባቷንም ታሸንፋለች። ከቤቱ ስፋት ጋር የማይመጣጠን ድምፅ አለሽ ይላታል። በረንዳው ላይ ተቀምጠን በቆሎውን እየፈለፈልን ስለ ውሎዬ ነገርኳት። የገብስ ማሳው አሁን የለም፤ ዓይናችን እስከሚደርስ ብሎክ ነው። ብሩክና ሕሊና ግቢውን ወደውታል፣ ሰኞ ሊያስመዘግቡ ነው፣ ስለዚያ ሰርቪስ ነገር ልንገራቸው አልንገራቸው ብዬ ተጨንቄያለሁ አልኳት። "ደግሞ አንቺም ተኝተሽ ነበር እንጂ…" ብዬ ጀመርኩ።

መፈልፈሏን አቆመች።

"ተኝቼ አልነበረም እኮ፣ እማ" አለችኝ።

የበቆሎውን ቆረቆንዳ ዳር ላይ አስቀመጠችና፣ እንደ ተራ ነገር፣ ድምፅዋን ከወትሮው ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ልጆቹ ሲወርዱ ነቅታ ነበር፤ የጫማዋ ማሰሪያ ወንበሩ ብረት ላይ ተይዞባት ስትታገል በሩ ተዘጋ። ካርቶኑን የጣለችው እሷ ናት። ዘበኛው ሁለት ጊዜ ባጠገቧ አልፏል፤ አንዴማ እዚያው ቆሞ በስልክ አውርቷል።

"እጄን አውጥቼ ጠበቅኩት፣ እስኪጠራኝ። ክፈቱልኝ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽናናበት የኖርኩትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ወሰደችብኝ። ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም ልላት ፈለግሁ፤ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ጠይቄያት እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። የአምስት ዓመት ልጄን ምን ሆነሽ ነበር ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ተኝታ ነበር ብዬ እኔው መልሼላታለሁ።

ተነሥታ ትከሻዬን አቀፈችኝና ለብሩክ እንድደውል ስልኬን አቀበለችኝ። ደወልኩለት። ብሩክ ሲያነሣው ከጀርባው ልጁ የሆነ ነገር እየደበደበ በታላቅ ድምፅ ይዘፍናል። ከእናቱ ጋር ሊያስታግሱት ሞከሩ፤ ልጁ ባሰበት።

"ቆይ አንዴ፣ ዝም ላሰኘው፣ አላሰማ አለኝ" አለ ብሩክ።

"ተወው" አልኩት። "ይጩህ። እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።"